ለአርብ ጠላቂዎች በሙሉ

ሰላም ወዳጆች፣ አርብ ጠዋት እስራኤል ውስጥ ባለችው ኤላት፣ ኮራል ቢች የባሕር ዳርቻ እንገናኝ።

ያለፈው ጊዜ አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም። ፓሮትፊሽ የሚሉት ዓሣ መንቁር በመሰለ አፉ ድንጋዩን ሲግጥ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። እሱ ድንጋዩ ላይ የሚበቅለውን አልጌ (ተክል መሰል የውሃ ውስጥ ሕይወት) ባይበላለት ኮራሉ ይታፈናል። ስለዚህ ፎቶ ብቻ አታንሱ፤ ዓሣው ምን እየበላ እንደሆነም እዩ።

ኮራል እንስሳ ነው። አብዛኛውን ቀለሙንና ምግቡን የሚያገኘው ውስጡ ከሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ነው። ውሃው ሲሞቅ ያስወጣቸዋል፤ ያኔ ይነጣል። ኤላት ያለችበት የአቃባ ባሕረ ሰላጤ ኮራል ሙቀትን ከብዙዎቹ በተሻለ ይቋቋማል። የእግር ክንፋችንን ምት ግን አይችልም! አደራ፣ የመጥለቂያ ክብደታችሁን አስተካክላችሁ ግቡ፤ ማንም ምንም እንዳይነካ። የነጣ ቅርንጫፍ ያየ ቦታውንና ጥልቀቱን ይጻፍልን።