ዓርብ ከጁምዓ በኋላ

ሰይዴ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ እማማስ ደህና ናቸው? እኔ ደሴ ከተመለስኩ አምስት ወር ሆነኝ። ከዚህ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ቁልቁል ነው፣ ግን አንተ ዘንድ ለመውረድ እግሬ እምቢ አለኝ። ስልኩንም አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ምክንያቱን ታውቀዋለህ። አባትህ፣ አባባ፣ ሲያርፉ አልነበርኩም። መርዶውን የሰማሁት ቦስተን እህቴ ቤት ሆኜ ነው፣ ያውም ከተቀበሩ በአራተኛው ቀን። ያን ዕለት መደወል ነበረብኝ። ምን ብዬ ልጀምር እያልኩ ቀኑ መሸ፣ ቀጥሎ ሳምንት አለፈ፣ ከዚያ በኋላማ አፈርኩ። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። ይቅር በለኝ።

ዛሬ ግን እዚያ ያየሁትን አንድ ቦታ ልንገርህ። ከመጣሁ ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል።

ግንቦት ላይ ነው። እህቴ አንድ ቅዳሜ ጠዋት «ተነስ፣ አበባው የሚያምር ቦታ ላሳይህ» አለችኝ። ለባብሼ ወጣሁ። የጥንት ግብፆችን ቤተ መቅደስ በሚመስል ትልቅ የድንጋይ በር ገባን። ውስጡ ዛፍ ነው፣ ኩሬ ነው፣ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ሰዎች አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቅርንጫፍ ቅርንጫፉን ያያሉ፤ በዚያ ወር ወደ ሰሜን የሚያልፉ ወፎች እዚያ ያርፋሉ አሉ። አንድ ዛፍ ሥር ስምና ዓመት የተቀረጸበት ድንጋይ አየሁ። ከጎኑ ሌላ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ። «መቃብር ነው እንዴ?» ብላት «አዎ፣ ምነው?» አለችኝ። ደነገጥኩ። እኛ መቃብር የምንሄደው ሰው ተሸክመን ነው። ቀብረን፣ አልቅሰን፣ ንፍሮ ቀምሰን ወደየቤታችን። ለሽርሽር ሲኬድ አይቼ አላውቅም።

ማውንት ኦበርን ይባላል፣ ከቦስተን ወጣ ብሎ ኬምብሪጅና ዋተርታውን መካከል። የተከፈተው በፈረንጆች 1831 ነው፣ እኛ ገና ዘመነ መሳፍንት ላይ ሳለን። ያን ጊዜ ቦስተን ውስጥ ሰው የሚቀበረው በከተማው መሐል ባሉ ጠባብ መቃብሮችና በየቤተ ክርስቲያኑ ወለል ሥር ነበር፣ ቦታው ሞልቶ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረባል። ጄከብ ቢግሎ የሚባል ሐኪም ይሄ ለሕያውም ለሙትም አይሆንም ብሎ ተነሳ። ከአትክልት ወዳጆች ማኅበር ጋር ሆነው ከከተማ ውጭ ኮረብታማ መሬት ያዙ፣ ለየቤተሰቡ ቦታ እየሸጡ በገንዘቡ አለሙት። ፓሪስ ውስጥ በ1804 የተከፈተው ፔር ላሼዝ ነበር አርአያቸው። ያኔ አሜሪካ ውስጥ እንደ ዛሬው ያለ ትልቅ የሕዝብ መናፈሻ እምብዛም ስላልነበረ የከተማው ሰው በጋሪ እየመጣ ይናፈስበት ነበር፣ ኋላ በየከተማው የተሠሩት ትልልቅ መናፈሻዎችም ሐሳቡን ያገኙት እንዲህ ካሉ መቃብሮች ነው። 70 ሄክታር ነው ስፋቱ። በድሮው አለካክ 2 ጋሻ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ከ5,000 በላይ ዛፍ አለው፣ መንገዶቹም የሚጠሩት በዛፍና በአበባ ስም ነው።

ከፍ ካለው ኮረብታ ላይ 19 ሜትር ያህል የሚረዝም የድንጋይ ግንብ አለ። ወጣን። ቦስተን ወለል ብላ ትታያለች። እኔ ግን የታወሰኝ ከትምህርት ቤት ጠፍተን ጦሳ ላይ ወጥተን ደሴን ቁልቁል ያየንበት ቀን ነው።

አንድ መቃብር ጋ ግን ብዙ ቆምኩ። ሀሪየት ጃኮብስ ትባላለች። በባርነት ተወልዳ፣ ከጌታዋ ሸሽታ፣ አያቷ ቤት ጣሪያ ሥር ቀጥ ብሎ መቆም በማይቻልበት ጠባብ ቦታ ወደ 7 ዓመት ተደብቃ የኖረች ሴት ናት። በ1897 አርፋ እዚያ ተቀበረች፣ ወንድሟና ልጇም አብረዋት አሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ ወገቧን ሳታቀና! አሁን ያረፈችበትን የሣር ሜዳ አይቼ ቢያንስ ቦታው ሰፋላት አልኩ። አንድ ሰው ቢጫ አበባ አስቀምጦላት ሄዷል፣ ግንዱ ገና እርጥብ ነው።

ስንወጣ ቀብር ገጠመን። ዛሬም ይቀበርበታል። ለቀስተኛው አሥራ ሁለት ሰው ቢሆን ነው። አንዲት አሮጊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ሌላው ቆሟል፣ ድምፅ የሚባል የለም። ሠራተኞቹ ራቅ ብለው መኪናቸው አጠገብ ይጠብቃሉ። ሰዎቹ አበባ አስቀምጠው ሄዱ። አፈሩን የመለሱት ሠራተኞቹ ናቸው።

ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። አባቴ ሲሞት አባባ በሌሊት ከኮምቦልቻ መጥተው፣ መድኃኔዓለም ግቢ ገብተው፣ ልጆቹ «እርስዎ ይረፉ» ቢሏቸው እምቢ ብለው ሲቆፍሩ አይቻለሁ። ኮፍያቸውን ጽዱ ላይ ሰቅለው፣ ክንዳቸው ድረስ አፈር ሆነው። የማንም ሃይማኖት ያን ቀን አልተነሳም። እኔ ደግሞ ለሳቸው አንድ አካፋ አፈር አልመለስኩም።

እንደተመለስኩ ወደ አባቴ መቃብር ሄድኩ። ሣሩ ውጦታል፣ ስሙን ያነበብኩት በጣቴ እየዳሰስኩ ነው። ከተዝካሩ ወዲህ ያየው የለም፣ እኔን ጨምሮ። የኛ ሰው ለመቅበር ይሽቀዳደማል፣ ከዚያ በኋላ ግን ዞር ብሎ ማየት የለም። ይህንን ከነሱ ብንማር ምን ነበረበት? አጸዳሁት። ጽዱ ሥር ቁጭ ብዬ እስኪመሽ ቆየሁ፣ ጥሩ ቦታ ነው ለካ።

ስለዚህ ዓርብ እመጣለሁ። ከጁምዓ በኋላ አባባ ጋ ውሰደኝ። ቶሎ አንመለስም፣ ቁጭ እንላለን፣ ያን ጊዜ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ትነግረኛለህ። ከቀብራቸው ዳር ወይራ መትከል ይቻል እንደሆነ ኢማሙን ጠይቅልኝ። ከተፈቀደ ችግኙን ከዚህ ይዤ እወርዳለሁ። ግቢያችሁ ያለው ዘይቱንስ አሁንም ያፈራል? እሳቸው እየተቆጡን ከላዩ የምንወርድበት?

ለእማማ መምጣቴን ንገራቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እስክጠይቅ ድረስ ቡናው እንዳይፈላ።

አላህ አባባን ጀነት ይወፍቃቸው።

ወንድምህ ደረጀ
ደሴ