ሕጉ ቢወጣም ባይወጣም አትደብቂኝ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔና እናትሽ ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ትናንት ማታ አክስትሽ ደውላ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። እኩያሽ ነኝ ብሎ ኢንስታግራም ላይ የተዋወቀሽ ሰው ፎቶ ላኪልኝ እያለ ሲጨቀጭቅሽ እንደሰነበተ፣ አንቺም እንዳልላክሽለት፣ ነገር ግን ጉዳዩን ለሳምንታት ለማንም ሳትተነፍሺ እንደያዝሽው ሰማሁ። አለመላክሽ አኩርቶኛል፤ ዝም ማለትሽ ግን አስፈርቶኛል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምልሽ ይህን ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ከእኔ አትደብቂ።

አክስትሽ መንግሥታት ሁሉ አውስትራሊያ እንዳደረገችው ልጆችን ከማኅበራዊ ሚዲያ ማገድ አለባቸው ስትል፣ አንቺ ደግሞ ይህ መብት መንፈግ ነው ብለሽ እንደተከራከርሻት ነግራኛለች። እሷ ስትቆጣ እስከ መጨረሻው መስማት አይሆንላትም፤ አንቺም ስትከራከሪ ድምፅሽ ከፍ ይላል። ወረቀት ላይ ማንም ማንንም አያቋርጥምና የእኔን ሐሳብ በጽሑፍ ብነግርሽ መረጥሁ።

የአውስትራሊያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2024 አጽድቆት ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እንደ ቲክቶክ፣ ኢንስታግራም፣ ስናፕቻትና ዩቲዩብ ባሉት ላይ የራሳቸው አካውንት እንዳይኖራቸው ያግዳል። በክርክራችሁ መካከል ሁለታችሁም ያላነሣችሁት ነገር ቢኖር ሕጉ ልጁንም ሆነ ወላጁን የማይቀጣ መሆኑ ነው። እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የሚደርሰው ቅጣት የሚያርፈው ልጆች እንዳይገቡ ተገቢውን እርምጃ ባልወሰደው ኩባንያ ላይ ነው። እኔ ሕጉን የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው። ፍሬን የሌለው መኪና መሸጥ ሲከለከል የተሳፋሪው መብት ተነፈገ አይባልም።

ኩባንያዎቹ የሚሠሩትን ያውቃሉ። ፍራንሲስ ሃውገን የተባለችው የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ያደረገቻቸው ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ኢንስታግራም ከሦስት ልጃገረዶች በአንዷ ላይ በገዛ ሰውነቷ የማፈር ስሜትን እንደሚያባብስ የኩባንያው የራሱ ተመራማሪዎች ጽፈው ነበር። ገጹ ማለቂያ እንዳይኖረው፣ ስልኩም በየደቂቃው እንዲጠራሽ አድርገው የሠሩት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱ ጋር የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ብቻዋን ትታገል ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። አካውንት ለመክፈት ቢያንስ 13 ዓመት ይሁን የሚለው የኩባንያዎቹ ወሰንም ቢሆን የመጣው ልጆችን ከጉዳት ለመጠበቅ ታስቦ ሳይሆን፣ ከዚያ ዕድሜ በታች ካሉ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ የግል መረጃ እንዳይሰበሰብ ከከለከለው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ከወጣው የአሜሪካ ሕግ ነው። ለዓመታት በሩ ላይ የነበረው ጠባቂ የልደት ዘመን መጠየቂያ ሣጥን ብቻ ነበር። አንቺም ዘመንሽን ወደ ኋላ ገፍተሽ እንደገባሽ አውቃለሁ። አልቆጣሽም፤ ግን ይህንንም አትደብቂኝ።

ያነሣሻቸው ነጥቦች ውድቅ ናቸው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ሐሳብን የመግለጽ፣ መረጃ የማግኘትና የግል ሕይወትን የማስከበር መብት ለልጆችም እንደሚገባ ይደነግጋል። ዕድሜን ለማረጋገጥ ሲባል የሚሰበሰበው መታወቂያም ራሱ አደጋ አለው፤ ዲስኮርድ የተባለው የመልእክት መለዋወጫ መድረክ እ.ኤ.አ. በ2025 የ70,000 ያህል ተጠቃሚዎቹ የመታወቂያ ፎቶ ሾልኮ ሊሆን እንደሚችል አስታውቋል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ዕገዳ ሲመጣ በጓሮ በር የሚገባ ልጅ አይጠፋም፤ በጓሮ በር የገባ ልጅ ደግሞ ችግር ሲገጥመው ለእርዳታ አይጮኽም።

ይህን የምለው ከራሴ ተነሥቼ ነው። በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ የብዕር ጓደኞች ነበሩኝ። አያትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ የሚመጡልኝን ደብዳቤዎች ከእኔ በፊት ያነቡ ነበር። የፖስታውን ጫፍ በምላጭ ሰንጥቀው ካነበቡ በኋላ በሙጫ መልሰው ያጣብቁታል፤ ሙጫው ሲደርቅ ወረቀቱን ስለሚያኮማትረው ገና በእጄ ስይዘው አውቃለሁ። እኔም ደብዳቤዎቼ በጓደኛዬ አድራሻ እንዲመጡ አደረግሁ። ከጊዜ በኋላ ተማሪ ነኝ ይለኝ የነበረው አንዱ ጎልማሳ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ገንዘብ ካልላክህልኝ ስለ ቤታችሁ የጻፍህልኝን ሁሉ ለአባትህ እልካለሁ ብሎ አስፈራራኝ። ለአያትሽ ብነግራቸው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ደብዳቤውን የት እንደተቀበልሁት ነበርና ዝም አልሁ። የትምህርት መጻሕፍቴን ሸጬ ላክሁለት። ጠፉብኝ ስላቸው አያትሽ አንድም ክፉ ቃል ሳይናገሩ ሌላ ገዙልኝ። ያን ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ቢቆጡኝም እንኳ ሰውየውን እሳቸው ይጋፈጡልኝ ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ፤ እሳቸው ግን ምንም ሳይሰሙ አለፉ። ይህን ታሪክ ለእናትሽም የነገርኋት በቅርቡ ነው።

ስለዚህ ሕግ አውጪዎች ቢሰሙኝ የምጠይቃቸው፣ ዕድሜ ሲወስኑ ደንቡን ጥሶ የገባው ልጅ ሳይፈራ እርዳታ የሚጠይቅበትን መንገድም አብረው እንዲያበጁ ነው። እኔ በበኩሌ ስልክሽን በስውር እንደማልከፍት ቃል እገባልሻለሁ። አንቺ ደግሞ አትደብቂኝ።

አሁን የምልሽን በጥንቃቄ ፈጽሚ። ለዚያ ሰው አንዲት ቃል እንዳትመልሺ። መልእክቶቹን ከማጥፋትሽ በፊት ስሙ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺና ለእኔም ለአክስትሽም ላኪ፤ ከዚያ ሪፖርት አድርገሽ ብሎክ አድርጊው። በሌላ ስም ተመልሶ ቢመጣና ቢያስፈራራሽ ገንዘብም ሆነ ፎቶ አትላኪ፤ ሌሊትም ቢሆን ደውይልኝ። አካውንትሽን የሚያውቁሽ ሰዎች ብቻ እንዲያዩት አድርጊ። ማታ ስልኩ ከመኝታ ክፍልሽ ውጭ ይደር፤ በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እደውላለሁና ስለ ሕጉ ያለሽን መልስ አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ፤ አክስትሽንም አብራሽ እንድትቀመጥ ንገሪያት።

የሚወድሽ አባትሽ