ለደንበኞቻችን፦ ቪሴንተርም ሆነ ፕሮክስሞክስ ከመጫናችን በፊት ስለ ስሙ ለምን አጥብቀን እንደምንጠይቃችሁ

ውድ ደንበኞቻችን፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልዲያ፣ ከሚሴ ያላችሁ በሙሉ፣ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ሰላም ናችሁ?

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ሰርቨር እየቀየራችሁ ወይ አዲስ ቨርሽን እያስጫናችሁ ነው፣ የቪስፌር 7 (ቪሴንተር ያለበት የቪኤምዌር ሶፍትዌር) ድጋፍ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2025 ስላለቀ ግማሹ ወደ 8 እየወጣ ነው፣ ግማሹ ደግሞ የላይሰንሱ ዋጋ ከብዶት ተመሳሳይ ስራ ወደሚሰራው ፕሮክስሞክስ እየዞረ ነው። ስትደውሉልን ደግሞ ከሁሉ በፊት የምንጠይቃችሁ "የሰርቨሩ ስም ማነው፣ ዲኤንኤሱስ የት ነው ያለው" ብለን ነው። ዲኤንኤስ ማለት ስም ሲሰጡት አይፒውን፣ ማለት የማሽኑን የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር፣ የሚመልስ ሰርቪስ ነው። አንዳንዶቻችሁ "ኧረ ባካችሁ እሱ በኋላ ይደርሳል፣ አይፒውን ስጡትና ጫኑት" ትሉናላችሁ። በስልክ ደግሞ በደንብ ማስረዳት አይቻልም፣ ኔትወርኩም ይቆራረጣል፣ ስለዚ ቁጭ ብለን ጻፍነው። ኮማንዶቹን ኮፒ እንድታረጓቸው በቴሌግራም ለብቻ ልከናል፣ እዚህ በአጠራራቸው ብቻ ነው ያስቀመጥናቸው።

ነገሩ እንዲ ነው። ቨርቹዋል ማሽኖችን (አንድ ሰርቨር ውስጥ እንደ ራሳቸው ኮምፒውተር ሆነው የሚሰሩትን) ካንድ ቦታ የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር አንድ ነጠላ ፕሮግራም አይደለም። ቪሴንተርን ብትወስዱ ውስጡ ብዙ ሰርቪሶች አሉ፣ ሎጊን የሚያረገው ሌላ፣ ዌብ ገጹን የሚያወጣው ሌላ፣ ዳታቤዙ ሌላ፣ እና እርስ በርስ የሚጠራሩት በስም ነው። ስትጭኑት የሰጣችሁትን ሙሉ ስም ይወስድና ሰርተፊኬቱን (የማንነቱን ማረጋገጫ) በዛ ስም ይሰራል፣ የየሰርቪሱን አድራሻም በዛው ስም ይመዘግባል። ስለዚ ስሙ ዛሬ ጽፈነው ነገ የምንቀይረው ታፔላ አይደለም፣ ሲስተሙ ውስጥ ገብቶ ይጋገራል። ያ ስም ወደ ትክክለኛው አይፒ ካልደረሰ ኢንስቶሌሽኑ መጀመሪያ ላይ ደህና መስሎ ይሄድና መጨረሻው ላይ ይወድቃል፣ ኤረሩ ደግሞ ስለ ስም ምንም አይናገርም፣ "ሰርቪሱ አልተነሳም" ብቻ ይላል። ሰውም ራሙን ይጠረጥራል፣ ዲስኩን ይጠረጥራል፣ አይኤስኦውን (የመጫኛ ፋይሉን) እንደገና ዳውንሎድ ያረጋል፣ ከኛ ሀገር ኢንተርኔት ጋር እሱ ራሱ ምን ያህል እንደሚፈጅ ታውቁታላችሁ።

የቪሴንተር አጫጫን ሁለት ስቴጅ አለው። ስቴጅ 1 የቪሴንተሩን ማሽን ሆስቱ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚሸከመው ሰርቨር) ላይ ያስቀምጣል፣ ይሄ ስሙ ሪዞልቭ ባያረግም (ወደ አይፒው ባይደርስም) ሊያልፍ ይችላል። ስቴጅ 2 ሰርቪሶቹን አንድ ባንድ ያስነሳል፣ የሚወድቀውም እዚጋ ነው። ስቴጅ 2 ከወደቀ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አጥፍቶ ከስቴጅ 1 መጀመር ነው። ስለዚ ራሳችሁ ለምትጭኑት አንድ ምክር፣ ስቴጅ 1 እንዳለቀ ስቴጅ 2ን ሳትነኩ ስናፕሾት (ማሽኑ በዛ ሰዓት ያለበትን ሁኔታ ቅጂ) ውሰዱ፣ ቢወድቅ ወደዛ ትመለሳላችሁ።

"አይፒውን ስጡት" ለምትሉን ደግሞ፣ አዎ ቪሴንተር ስም ሳይሰጠው በአይፒ ብቻ ይጫናል። ግን ያኔ አይፒው ራሱ ስሙ ይሆናል፣ በኋላ ቢሮ ብትቀይሩ ወይ የኔትወርካችሁን አድራሻ ብታስተካክሉ ያን አይፒ መቀየር አትችሉም። በሙሉ ስም የተጫነ ከሆነ ከ6.7 አፕዴት 3 ወዲህ ስሙን ፖርት 5480 ላይ ባለው ማስተዳደሪያ ገጽ መቀየር ይቻላል፣ እሱም ቢሆን ሰርተፊኬቱን ሁሉ እንደገና የሚያሰራ ስለሆነ ባይነካ ይሻላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር። ስሙ በሁለት አቅጣጫ ነው መስራት ያለበት። አንድ እንግዳ ደሴ መጥቶ ሰኞ ገበያ አካባቢ የአንድ ሰው ስም ጠርቶ ቤቱን ቢጠይቅ ሰው ያሳየዋል፣ በሩ ላይ ደርሶ ደግሞ "ይሄ የማን ቤት ነው?" ሲል ያው ስም ካልተነገረው አይገባም፣ ይጠራጠራል። ኢንስቶለሩም እንደዛ ነው የሚያረገው። መጀመሪያ ስሙን ይሰጥና አይፒውን ይጠይቃል፣ ቀጥሎ አይፒውን ይሰጥና ስሙን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ኤ ሬኮርድ ነው፣ ሁለተኛው ፒቲአር ይባላል፣ እሱ የሚቀመጠው ደግሞ ሪቨርስ ዞን በሚባል በተለየ የስም መዝገብ ውስጥ አይፒው ተገልብጦ ነው፣ ማለት 192.168.10.20 ከሆነ 20.10.168.192 ተብሎ ኢንአድር አርፓ የሚለው ከኋላው ይገባል። ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ዲኤንኤስ ያላችሁ ኤ ሬኮርድ ስትጨምሩ ፒቲአሩንም አብሮ እንዲሰራ የምትነካው ትንሽ ሳጥን አለች፣ እሷን ቲክ አድርጋችሁ አልሰራ ካላችሁ ሪቨርስ ዞኑ መጀመሪያውኑ አልተፈጠረም ማለት ነው። ብዙ ቢሮ ውስጥ አልተፈጠረም። ኢንተርኔት ለመጠቀምም ዶሜይን ለመግባትም ስለማያስፈልግ አመታት ሳይታወቅ ይኖራል፣ ቪሴንተር ሲመጣ ነው የሚታየው።

ቀጥሎ 8.8.8.8። እሱን ልምድ አድርገነዋል፣ ኢንተርኔት አልሰራ ሲል ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚያስገባው። የጎግል ዲኤንኤስ ግን እናንተ ቢሮ ውስጥ ላለው ሰርቨር የሰጣችሁትን ስም ከየት ያውቀዋል? አያውቀውም። "እሺ የውስጡን አንደኛ እናርግ፣ 8.8.8.8ን ደግሞ ሁለተኛ" ትሉናላችሁ፣ ለጥንቃቄ ብላችሁ እንደሆነ ይገባናል፣ ግን ይሄ ጭራሽ የባሰ ነው፣ ለምን መሰላችሁ። ሁለተኛው ዲኤንኤስ የሚጠየቀው አንደኛው መልስ ሳይሰጥ ዝም ሲል ነው። አንደኛው "የለም" ብሎ ከመለሰ ጥያቄው እዛው ያልቃል፣ ሁለተኛው ጋ አይሄድም። እና ቀኑን ሙሉ ደህና ይሰራል፣ አንድ ቀን መብራት ብልጭ ድርግም ሲል የውስጡ ለጥቂት ሰከንድ መልስ ሳይሰጥ ይቀራል፣ ጥያቄው 8.8.8.8 ጋ ይሄዳል፣ እሱም "እንዲ የሚባል ስም የለም" ብሎ በእርግጠኝነት ይመልሳል፣ ያ መልስ ደግሞ ካሽ (የማሽኑ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ሊቀመጥ ይችላል፣ የውስጡ ዲኤንኤስ ተመልሶም ማሽናችሁ ለተወሰነ ጊዜ "የለም" እያለ ይቆያል፣ ሆስቶቹ ዲስኮኔክትድ ሆነው ይታያሉ። ከዛ አንድ ሰው ተነስቶ ሬስታርት ያረጋል፣ ይስተካከላል፣ ለምን እንደተስተካከለ ማንም ሳያውቅ ይቀራል፣ በሌላ ጊዜ ይደገማል። ትክክለኛው አሰራር ሰርቨሮቹ ላይ የውስጡን ዲኤንኤስ ብቻ ማስገባት ነው፣ 8.8.8.8ን ወይ የቴሌን ደግሞ እዛው የውስጡ ዲኤንኤስ ላይ ፎርዋርደር (እሱ የማያውቀውን ስም የሚጠይቀው) አድርጎ ማስቀመጥ፣ ኢንተርኔቱም ይሰራል የውስጡም ስም አይጠፋም።

ሆስትስ ፋይል (እያንዳንዱ ማሽን ውስጥ ስምና አይፒ የሚጻፍበት ፋይል) ላይ መጻፍስ አይበቃም ወይ? ለአንድ ነጠላ ፕሮክስሞክስ ይበቃል፣ እንደውም ፕሮክስሞክስ የሚፈልገው እሱን ነው። ግን ዴቢያን ሊነክስ ቀድማችሁ ጭናችሁ ከላዩ ላይ ፕሮክስሞክስ የምትጭኑ ተጠንቀቁ፣ ዴቢያን የማሽኑን ስም 127.0.1.1 (ማሽኑ ለራሱ ብቻ የሚጠቀምበት አድራሻ) ላይ ጽፎት ሊሆን ይችላል። ፕሮክስሞክስ ራሱን ፈልጎ 127.0.1.1 ካገኘ የክላስተር (ሰርቨሮችን አንድ ላይ የሚያገናኘው) ሰርቪሱ አይነሳም፣ ፖርት 8006 ላይ ያለው ገጽም አይሰራላችሁም። ያን መስመር አጥፍታችሁ በእውነተኛው አይፒ ተኩት፣ ሆስትኔም አይፒ አድሬስ የሚለውን ኮማንድ ስጡትና በ127 የሚጀምር ነገር ከመለሰ ገና ነው ማለት ነው። ኦቪርት የሚባለውን ሌላ የቨርቹዋል ማሽን ማስተዳደሪያ የምትጠቀሙ ጥቂቶች ደግሞ ኢንጂን ሴታፕ የሚባለው ማዋቀሪያው "ስሙ የሚታወቀው እዚሁ ማሽን ላይ ብቻ ነው" የሚል ዋርኒንግ ሲያወጣ ኢንተር ብላችሁ አትለፉት፣ ሆስት ለመጨመር ስትሞክሩ ያው ጥያቄ ይመጣባችኋል። ኦቪርት ደግሞ ስም ላይ ጥብቅ ነው፣ በአይፒ ወይ በሌላ ስም ከፍታችሁ ልትገቡ ስትሉ በተጫነበት ሙሉ ስም ግቡ ብሎ ይመልሳችኋል።

"ፒንግ ያረጋል እኮ" የሚለውንም ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ፒንግ ማሽኑ መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚሞክር ኮማንድ ነው፣ ሆስትስ ፋይሉንም ያያል። ኤንኤስሉካፕና ዲግ የሚባሉት ኮማንዶች ግን ሆስትስ ፋይልን አያዩም፣ ቀጥታ ዲኤንኤሱን ነው የሚጠይቁት። ስለዚ በፒንግ የተገኘ ስም በኤንኤስሉካፕ ካልተገኘ፣ እናንተ ላፕቶፕ ላይ ብቻ የተጻፈ ስም ነው ማለት ነው፣ ሆስቶቹም ባክአፕ ሰርቨሩም አያውቁትም። ሊነክስ ላይ ሲስተሙ ራሱ በመጨረሻ የሚደርስበትን መልስ ለማየት ጌትኤንት ሆስትስ የሚለው ኮማንድ ነው ጥሩው። ኤንኤስሉካፕንም ጌትኤንትንም ሞክሩና አወዳድሩ፣ የተለያየ መልስ ከሰጡ ችግሩን ግማሽ አግኝታችሁታል።

ስም ስትመርጡ ሎካል በሚል የሚያልቅ ባታረጉት ደስ ይለናል። በ2013 በወጣው ስታንዳርድ ሎካል ለመልቲካስት ዲኤንኤስ ተይዟል፣ ኡቡንቱ ዴስክቶፕና ማክ ያ ስም ሲመጣ የናንተን ዲኤንኤስ ሳይጠይቁ ጎረቤት ማሽኖችን ወደ መጠየቅ ይሄዳሉ፣ እና አንዱ ኮምፒውተር ላይ ይሰራል አንዱ ላይ አይሰራም፣ ያ ነው ሰውን የሚያሳብደው። የራሳችሁ የተገዛ ዶሜይን ካላችሁ ከሱ ስር አድርጉት፣ ከሌላችሁ ኢንተርናል የሚለውን ተጠቀሙ፣ በ2024 ለውስጥ ኔትወርክ ተብሎ ተለይቶ ተቀምጧል። ፊደሉ ትንንሽ ይሁን፣ አንደርስኮር አታስገቡ፣ ሰረዝ ይቻላል።

ሰዓቱንም እግረ መንገዳችሁን እዩት። ባዮስ (የማሽኑ መነሻ ሴቲንግ) ላይ ሰዓት ሲሞላ በኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ነው ብሎ 2:00 የሚያስገባ አለ፣ ሰርቨሩ 6 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፣ ሰርተፊኬቱም "ገና አልጀመረም" ይባላል። ሰው ግን የስም ችግር ይመስለዋል።

ወልዲያ ያለ አንድ ደንበኛችን ጋ የሆነውን እንንገራችሁ፣ ስማቸውን አንጠራም። ፕሮክስሞክሱ በደንብ እየሰራ፣ ማሽኖቹም ተነስተው፣ የአይቲ ልጁ የሰርቨሩ ስም አላምር ብሎት ቀየረውና ሪቡት አደረገ። ሲነሳ ገጹ ላይ አንድም ቨርቹዋል ማሽን የለም። የሒሳቡም የስቶኩም። ስልክ ሲደውልልን ድምጹ ይንቀጠቀጥ ነበር። አብሽር አልነው፣ ምንም አልጠፋም፣ ዲስኮቹ ቦታቸው ላይ ናቸው። ፕሮክስሞክስ የየማሽኑን ኮንፊግ የሚያስቀምጠው በሰርቨሩ ስም በተሰየመ ፎልደር ውስጥ ነው፣ ስሙ ሲቀየር አዲስ ባዶ ፎልደር ተከፈተ፣ የድሮዎቹ በድሮው ስም ስር ቀሩ። ኮንፊጎቹን ወደ አዲሱ ፎልደር አዛወርናቸው፣ ተመልሰው ታዩ። እዛ ክላስተር ስላልነበረ ቀለለ፣ ክላስተር ቢሆን ኖሮ እንዲ በቀላሉ አይላቀቅም።

የመብራቱን ነገር ሳናነሳ አናልፍም። ብዙዎቻችሁ አንድ ወይ ሁለት ሰርቨር ነው ያላችሁ፣ ዲኤንኤሱም እዛው ሰርቨር ላይ እንደ ቨርቹዋል ማሽን ተቀምጧል። መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱም አልቆ ሁሉም ሲወድቅ፣ ሲመለስ ቪሴንተሩ ይነሳና ስም ይጠይቃል፣ የሚመልሰው ዲኤንኤስ ግን ገና አልተነሳም። ስለዚ ወይ ዲኤንኤሱ መጀመሪያ እንዲነሳ ተራ አስይዙት፣ ፕሮክስሞክስም ኢኤስኤክስአይም (የቪኤምዌር የሆስት ሶፍትዌር) ላይ ማሽኖች የሚነሱበትን ቅደም ተከተልና በመሀል የሚጠበቀውን ሰከንድ ማስገባት ይቻላል፣ ወይ ደግሞ ከሰርቨሩ ውጪ ሁለተኛ የውስጥ ዲኤንኤስ አቁሙ። እኛ የምንመርጠው ሁለተኛውን ነው። ውድ ነገር አያስፈልግም፣ ጥግ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊነክስ ጭኖ ዲኤንኤስማስክ የሚባለውን ማስነሳት ይበቃል፣ እሱ ደግሞ ሆስትስ ፋይሉ ላይ አንዴ የጻፋችሁትን ስም አንብቦ ኤውንም ፒቲአሩንም ራሱ ይመልሳል፣ ሪቨርስ ዞን መስራት የሚባል ጣጣ የለበትም። ለትንሽ ቢሮ ከዚህ የተሻለ አላየንም።

ስለዚ ካሁን ወዲያ አሰራራችን እንዲ ነው። ለመጫን ከመምጣታችን በፊት የእያንዳንዱን ሰርቨር ሙሉ ስምና አይፒ በወረቀት ትሰጡናላችሁ፣ ወይ ቁጭ ብለን አብረን እንመርጣለን። ስንመጣ ከሦስት ቦታ እንፈትሻለን፣ ከሆስቱ፣ ከዲኤንኤሱ፣ ከአንድ ተራ የቢሮ ኮምፒውተር፣ ከስም ወደ አይፒም ከአይፒ ወደ ስምም፣ ሦስቱም ጋ አንድ አይነት መልስ እስኪመጣ አይኤስኦውን አንነካም። ለዚህ ለብቻ አናስከፍልም፣ የመጫኑ ዋጋ ውስጥ ነው። ቀኑ በዚህ ምክንያት ቢገፋባችሁ አትቀየሙን፣ ሒሳባችሁና የታካሚ ወይ የተማሪ መረጃችሁ የሚቀመጠው እዛ ላይ ስለሆነ ነው የምንጠነቀቀው።

ራሳችሁ እየጫናችሁ የተያዘባችሁ ካላችሁ የኤንኤስሉካፕን ውጤት በስምም በአይፒም ስክሪንሹት አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩልን፣ የሆስትስ ፋይሉንም ጨምሩበት። ፓስወርድ ግን አትላኩ።

ከአክብሮት ጋር
የቴክኒክ ክፍሉ፣ ደሴ