ስለ ራፕ ሲጻፍ ግጥሙም ይሰማ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የጥበብ ዓምዳችሁ የአማርኛ ራፕን ባነሳ ቁጥር ዘፈኑ በዩቲዩብ ስንት ጊዜ እንደታየ በመንገር ይጀምራል። ቁጥሩ ሲበዛ ራፐሩ ይወደሳል፤ ሳምንት ሳይቆይ ደግሞ ያው ቁጥር ሂፕ ሆፕ ለገበያ ብቻ እንደቆመ ማስረጃ ሆኖ ይመጣል። በሁለቱም ጽሑፍ ውስጥ አንዲት ስንኝ እንኳ ተጠቅሳ አትገኝም።

ገንዘብ ጥበብን ያበላሻል የሚለው ክርክር ወሎ ላይ ብዙም አያስኬድም። አዝማሪ ድሮም የሚዘፍነው ለገንዘብ ነው። ማሲንቆውን ይዞ ጠጅ ቤት ሲገባ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውርለታል፤ እሱም ተቀብሎ፣ ትንሽ ጠምዝዞ ይመልሳል። ከመታ ብሩ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል፣ ካልመታ ኪስ ውስጥ ይቀራል። ከፋዩ ስንኙን በጆሮው የሰማ፣ ሰሙን ከወርቁ የለየ ሰው ነበር። የዛሬው ከፋይ ሰከንድ ቆጣሪ ነው። ለምሳሌ ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተደመጠ ብሎ የሚመዘግበው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው። ታዲያ መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ ምን ተቆጥሮ እንደሚከፈል ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። በደቂቃ 90 ምት በሚሄድ ቢት (ራፐሩ ግጥሙን የሚልበት ሙዚቃ) አንድ ባር አራት ምት አለው፣ 2.7 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። የተለመደው የ16 ባር ቨርስ (በአዝማቾች መካከል ያለው ግጥም) 43 ሰከንድ ያህል ይፈጃል ማለት ነው። 30 ሰከንዱ የሚሞላው 12ኛው ባር ላይ ነው። ወርቁን 16ኛው ባር ላይ ያስቀመጠ ልጅ እዚያ ሳይደርስ ቆጣሪው ሥራውን ጨርሷል። ውጤቱን ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ሐረጎ ላይ መስማት ይቻላል፦ መግቢያ የለም፣ አዝማቹ ከመጀመሪያው ሰከንድ ይነሳል፣ ቨርሱ ወደ 8 ባር አጥሯል፣ ዘፈኑም ሁለት ደቂቃ ተኩል ሳይሞላ ያልቃል። በዚህ ልክም ጥሩ ሥራ ይሠራል። 8 ባር ሳያባክኑ መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ አብዛኛው ግን ያባክነዋል።

ድሮ ንጹህ ነበር፣ ገበያ መጥቶ አቆሸሸው የሚባለውም ልክ አይመስለንም። ሂፕ ሆፕ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1973 በኒው ዮርክ ብሮንክስ፣ ዲጄ ኩል ኸርክ አንድ ዓይነት ሁለት ሸክላ እያፈራረቀ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበትን ክፍል ባስረዘመበት ጭፈራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ገበያውን ያናወጠው የመጀመሪያው የራፕ ሸክላ ሲወጣ፣ ከራፐሮቹ አንዱ ያለው ግጥም ስሙ ሳይጠቀስ ከሌላ ራፐር የተወሰደ ነበር። ገበያውና ሌብነቱ አብረው ተወልደዋል ማለት ነው። በሌላ በኩል አሜሪካዊው ራፐር ኬንድሪክ ላማር እ.ኤ.አ. በ2018 የፑሊትዘርን የሙዚቃ ሽልማት ያገኘበት አልበም በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ የተሸጠ ነው።

ወደ እኛው እንመለስ። የአማርኛ ራፕ የሚበላሸው በአብዛኛው ጆሮ ላለው ሰው በግልጽ በሚሰሙ ሦስት ቦታዎች ነው።

አንደኛው ቤት አመታቱ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ቤት መምታት ርካሽ ነው፤ «ሄድኩኝ፣ አየሁኝ፣ መጣሁኝ» እያሉ ሙሉ ቨርስ መጨረስ ይቻላል። ቤቱን የመታው ሰዋስዉ ነው፣ ገጣሚው ምንም አልለፋም። መድኃኒቱ ግሱን ወደ መሃል ጎትቶ ስንኙን በስም መዝጋት ነው። የቦታ ስሙን ገራዶን ከበረዶ ጋር ያጋጠመ ልጅ ረውንም ዶውንም አግኝቷል፤ ደሴ ላይ በረዶ ሲጥል ያየ ሰው ደግሞ ትርጉሙንም ያገኝለታል።

ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው፤ በእኛ እምነት ትልቁ ኪሳራ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ይህችን ስንኝ እንውሰድ፦

መንገዱ ሰፊ ነው፣ ቀዳዳው ግን ብዙ።

«ፊ» ሲጠብቅ መንገዱ ወርዱ ትልቅ ነው፣ ግን ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። «ፊ» ሲላላ መንገዱ ልብስ ሰፊ ይሆናል፣ የራሱን ቀዳዳ መስፋት ያቃተው። በወረቀት ላይ ሁለቱም ይነበባሉ፣ አፍ ግን አንዱን መምረጥ አለበት። ብልሃቱ ስንኟን ሁለት ጊዜ ማለት ነው፤ መጀመሪያ አጥብቆ፣ ቀጥሎ አላልቶ። ታዳሚው የሚስቀው በሁለተኛው ላይ ነው። ይህ እንዲሆን ግን ጠባቂው ፊደል ጊዜ ያስፈልገዋል። አንድ ባር 16 ሽርፍራፊ አለው፣ በ90 ምት እያንዳንዱ 0.17 ሰከንድ ያህል ነው። የአሜሪካን ፍሎው (የግጥም አወራረድ) ቀድቶ ሁሉንም ቀለም (የቃሉን የድምፅ ክፍል) እኩል እኩል የሚከታትፍ ልጅ የጠበቀውን ከላላው ጋር አንድ ያደርገዋል፤ ገና የበዓሉና ገና «እስካሁን» ማለቱ አይለዩም። ለጠባቂው ፊደል ሁለት ሽርፍራፊ መስጠት ይበቃል። ቦታውም አይጠፋም፦ ከላይ ያለችው ስንኝ በወል ቤት ልክ 6 እና 6፣ በድምሩ 12 ቀለም ናት። ከ16ቱ አራት ይተርፋሉ፤ ሁለቱን ለማጥበቂያ፣ ሁለቱን ለትንፋሽ። አባቶቻችን ቢት ሳይኖራቸው ልኩን ቆርጠው ሰጥተውናል፣ እኛ ግን 18 ቀለም እንጠቀጥቅበታለን። ከዚያ ልጁ መድረክ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው ማይኩ ነው ይባላል።

ሦስተኛው ቅኝት ነው። አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም ከመሆናቸው በፊት የጎረቤቶቻችን አገር ስም ናቸው፤ አንዱ ከደሴ በስተሰሜን፣ አንዱ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወርደው መንገድ። የወሎ ልጅ ለራፑ አዝማች ሲፈልግ ወደ አምባሰል ማለቱ አይገርምም። ችግሩ የሚመጣው ቢቱ ከኢንተርኔት ሲወርድ ነው። ዶን መነሻ ብናደርግ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ)። የወረደው ቢት አብዛኛውን ጊዜ ማይነር የሚባለው የፈረንጆቹ የድምፅ ድርድር ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ሲ ፍላት። አራቱ ስለሚገጥሙ መጀመሪያ ሲሰማ ልክ ይመስላል። ዘፋኟ ሬ ፍላት ላይ ስታርፍ ከታች ሬ ይጠብቃታል፣ በግማሽ ድምፅ ይጋጫሉ። ስቱዲዮው «ድምፅሽ ሸሸ» ብሎ አውቶቲዩኑን (ድምፅ የሚያስተካክለውን ፕሮግራም) ማይነር ላይ ያስረዋል፤ ሬ ፍላቷ ወደ ዶ ወይም ወደ ሬ ትገፋለች፣ አምባሰልም እዚያው ያልቃል። ማይነሩ ትዝታ (ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት) ሙሉ በሙሉ ማይነር ውስጥ ስለሚገባ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። የራፕ አዝማች ሁሉ ትዝታ ትዝታ የሚሸተው በናፍቆት ብዛት ብቻ አይመስለንም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ቢቱን በአንድ ኤም ፒ ስሪ ከመቀበል በየመሣሪያው የተለየውን ፋይል መጠየቅ፤ ኮርዱን አጥፍቶ ከበሮውንና ቤዙን ማስቀረት፤ ቤዙ ዶ፣ ፋና ሶል ላይ ብቻ እንዲመላለስ ማድረግ፤ አውቶቲዩን ግድ ከሆነም አምስቱን ድምፆች ብቻ ከፍቶ ሰባቱን መዝጋት። ቢቱን የሸጠው ሰው ለብዙ ሰው የሚያከራየው ከሆነ ደግሞ ያው ቢት ነገ በሌላ ልጅ ዘፈን ላይ እንደሚሰማ አውቆ መግባት ነው።

ስለ ድምፅ ጩኸት አንድ ነገር ብቻ። ማስተሩን (ያለቀለትን የዘፈን ቅጂ) እስኪሰነጠቅ ማስጮህ ጥቅም የለውም፤ ዩቲዩብም ስፖቲፋይም ከልክ በላይ የጮኸውን መልሰው ዝቅ ያደርጉታል፣ የሚተርፈው የታፈነ ከበሮ ነው። ቤዙም በስልክ ስፒከር ስለማይሰማ ትንሽ ሻከር ማለት አለበት።

ወደ ቁጥሩ ስንመለስ፣ ቁጥሩ ራሱ እዚህ አገር ያለውን ተወዳጅነት በደንብ አይለካም። በቴሌግራም የተላለፈ፣ በፍላሽ ተገልብጦ ፒያሳና ሰኞ ገበያ በባጃጅ የሚዞር ዘፈን የትም አይመዘገብም። በማስታወቂያ የተገዛው ግን ይመዘገባል።

ስለዚህ ዓምዳችሁ ስለ አንድ የራፕ ሥራ ሲጽፍ አራት ስንኝ ያትምልን። ግጥሙን ማን እንደጻፈው፣ ቢቱን ማን እንደሠራው፣ ቅኝቱ ምን እንደሆነ ይንገረን። ቦታ ካጠረም የተመልካቹ ቁጥር ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢዎቻችሁ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ