ጳጉሜን የማያውቀው ሒሳብ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

መርካቶ ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ እሸጣለሁ። የዱቤ ደብተሩን ትቼ ሒሳቤን ስልኬ ላይ፣ በጉግል ሺትስ (ኢንተርኔት ላይ በሚቀመጥ የሠንጠረዥ መዝገብ) ነው የምይዘው። ስልኬ ቢሰረቅ እንኳ (መርካቶ ነው እኮ!) ሒሳቡ አይጠፋም። ባለቤቴም መጋዘን ሆና እኩል ታየዋለች። ፋይሉን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው፤ ኔትወርክ ቢጠፋም ይጻፍበታል፣ ሲመለስ ራሱ ይልከዋል። በቴሌብር የከፈለ ደንበኛ የሚያሳየኝን ስክሪን ግን አላምንም። መልእክቱ በራሴ ስልክ ሲገባ ብቻ ነው ዕቃ የማስረክበው።

የሚያናድደኝ የቀን አቆጣጠሩ ነው። የእኛ የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሺቱ ጁላይ 7 ይለኛል። ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃትም! ለአነስተኛ ነጋዴ መተግበሪያ የምትሠሩ ልጆች፣ እባካችሁ መልኩን ከማሳመራችሁ በፊት 13ኛዋን ወር አስገቡልን።

አንድ የሸማ ተራ ነጋዴ፣ አዲስ አበባ