ለወንድም ዓለሜ፣ ልትገዛው ስላሰብከው አፓርታማ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድም ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው? ስንት ዘመን ተጠፋፋን! መልእክትህ ሲደርሰኝ ከደስታዬ ብዛት ደጋግሜ አነበብኩት። ዝም የተባባልነው በቅያሜ እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ፤ ኑሮ ነው የወሰደን። ናፍቆታችንን በአካል ስንገናኝ እንወጣዋለን፣ አሁን ምክር ወደጠየቅከኝ ጉዳይ፣ ጭፈራ ቤቶች ባሉበት ሰፈር ልትገዛው ወዳሰብከው የታደሰ አፓርታማ ልግባ።

ፎቶዎቹን አየኋቸው። ቤቱ ያምራል፣ እውነቴን ነው። ሳሎኑ ብርሃን የጠገበ ነው፣ የወለሉም ሥራ ንጹሕ እጅ ያረፈበት ይመስላል። ሰፈሩንም ለምን እንደወደድከው ይገባኛል። ድሮም ሰውና ጨዋታ ካለበት አትጠፋም፤ ከደጅህ ወጣ ብለህ ሙዚቃና መብራት ማግኘት ለአንተ ትልቅ ነገር ነው። ግን ኮሽ ሲል የምትነቃ ሰው ነህ። እኔን ያሳሰበኝ ይኼው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ መኝታ ክፍል ውስጥ የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) እንዳይበልጥ ይመክራል። 10 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ደግሞ ድምፁ ለጆሯችን እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማል፤ ስለዚህ መኝታ ቤትህ 50 ከደረሰ አራት እጥፍ ያህል ነው። የመንገዱን ጫጫታና የመኪናውን ጡሩምባ ጥሩ መስኮት ይቀንሰዋል። ቤዙ፣ ያ የሙዚቃው ወፍራም ድምፅ፣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። 50 ኸርዝ ላይ ያለ፣ ማለትም በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ወደ 7 ሜትር ይጠጋል፤ ስስ ግድግዳ አያቆመውም። ጭፈራ ቤቱ እዚያው ሕንፃ ሥር ከሆነ ድምፁ በኮለኑ (በምሰሶው) እና በሶሌታው (በወለሉ ኮንክሪት) በኩል ወደ ላይ ይወጣል፣ ያኔ መስኮት ብትቀይር ምንም አይፈይድልህም። በዚህ ላይ አልደራደርም፦ ጭፈራ ቤቱ ከሥርህ ካለ ቤቱን ተወው፣ የፈለገ ቢያምር።

ከመንገዱ ማዶ ከሆነ ግን መላ አለው። ሻጩ የሚመካበት ድርብ መስታወት በአብዛኛው ለሙቀት ተብሎ የተሠራ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ለድምፅ የሚበጀው ውፍረታቸው የተለያየ መስታወቶች፣ ወይም ከነባሩ መስኮት በስተውስጥ 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ራቅ ብሎ የሚገጠም ሌላ መስኮት ነው። የፍሬሙን ዙሪያ ጎማ በጣትህ ዳስሰው፤ አየር የሚያሳልፍ ቀዳዳ ድምፅም ያሳልፋል።

ይህን ሁሉ ቀን ሄደህ አታውቀውም። ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ አስከፍተህ ግባ፣ መስኮቱን ዝጋ፣ መብራቱን አጥፋና መኝታ ቤቱ ወለል ላይ ጋደም በል። መዳፍህን ግድግዳው ላይ አሳርፍ፤ የሚርገበገብ ከሆነ ይሰማሃል። ጭፈራ ቤቶቹ እስኪዘጉም ጠብቅ። ብዙ ጊዜ እንቅልፍ የሚነሳው ከሙዚቃው ይልቅ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ በር ላይ ቆሞ የሚሰነባበት ሰው፣ ባዶ ጠርሙስ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ሲገለበጥ። መኝታ ቤቱ ወደ ጓሮ የዞረ ከሆነ ግማሹ ጭንቀቴ ይቀልልኛል።

ስለ እድሳቱ ደግሞ ሙያዬ ስለሆነ ልናገር። በቅርቡ የታደሰ የተባለ መታጠቢያ ቤት ስናፈርስ፣ ከሚያብረቀርቀው ሴራሚክ ጀርባ የዛገ ቧንቧ በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘን። ቀለሙ ገና ይሸት ነበር። ስለዚህ ግድግዳው ተከፍቶ በነበረበት ጊዜ የተነሱ ፎቶዎችን ጠይቅ። ሻወሩንና የወጥ ቤቱን ቧንቧ አንድ ላይ ክፈት፤ ግፊቱ ከወደቀ ወይም መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ቡናማ ከሆነ የውስጡ ቧንቧ አልተነካ ይሆናል። የብሬከር ሳጥኑ ውስጥ 30 ሚሊ አምፔር የሚል ከኤሌክትሪክ አደጋ የሚጠብቅ ማብሪያ ማጥፊያ መኖሩን እይ፣ የመሞከሪያ ቁልፉንም ተጫነው፤ ወዲያው ወድቆ መብራቱን መቁረጥ አለበት።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን ያ ከወጥ ቤቱ ፈርሶ የተነሳው ግድግዳ ነው። በፎቶው ላይ ከበላዩ ቢም፣ ማለትም ጭነት የሚሸከም አግዳሚ፣ አላየሁም። ግድግዳው ጭነት የሚሸከም ከነበረ ያለ መሐንዲስ ስሌትና ያለ ፈቃድ መነሳት አልነበረበትም፤ ወረቀቱን ሳታይ ቀብድ እንዳትከፍል። ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑንና የሕንፃው የጋራ ወጪ ውዝፍ እንደሌለበት ማጣራቱን የሕግ ሰው ይጨርስልሃል።

የቤቱን ፕላንና የብሬከር ሳጥኑን ፎቶ ላክልኝ። ከፈለግክ ቅዳሜ ሌሊቱን አብሬህ እመጣለሁ፤ በዚያውም ተቀምጠን እናወራለን። ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ