ግንዱ ይቅደም፦ የችግኝ ክበባችን የዓመቱ ሥራ

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ሥራ ቦንሳይ ነው፤ ዛፍን ከችግኝነቱ ጀምሮ እየገረዙ በሳህን ውስጥ አሳጥሮ ማሳደግ። አባላቱ በመስከረም የመረጡት ሜፕልን ነበር፤ ቅጠሉ በካናዳ ባንዲራ ላይ ያለውን ዛፍ፣ በተለይም ትንንሽ ቅጠል ያለውን የጃፓኑን ዝርያ። የሜፕል ዘር ግን ለመብቀል ሦስት ወር ያህል እርጥብ ብርድ ይፈልጋል፤ ዛፉም በየዓመቱ ቅጠሉን አራግፎ የሚያርፍበት ቀዝቃዛ ወቅት ያሻዋል። በ1,800 ሜትር ከፍታ ገደማ ያለችው ባሕር ዳር እንዲህ ያለ ብርድ የላትም። ስለዚህ የሜፕሉን አያያዝ ወስደን ዛፉን ከአገራችን መረጥን፤ ዋርካና ወይራ።

ዋርካው ሩቅ አላስኬደንም። የጣና ዳሮቹ ዋርካዎች ፍሬ ሲያበስሉ ወፎች በልተው ዘሩን በየግንቡ ስንጥቅ ይጥሉታል፤ እኛም ችግኞቹን ከአጥራችን ላይ ነቀልን። የወይራው ዘር ቅርፊቱ ደረቅ ስለሆነ በጥንቃቄ ሰብረን ዘራነው።

ልጆቹ ወዲያው በትንሽ ሳህን መትከል ፈለጉ። እዚህ ላይ ጠንከር አልኩ። ገና በልጅነቱ ሳህን ውስጥ የገባ ችግኝ ቀጭን እንደሆነ ይቀራል። ግንድ የሚወፍረው ዛፉ ሥሩንና ቅርንጫፉን እንደ ልቡ ሲለቅ ነው። በኋላ የሚቆረጡትን የታች ቅርንጫፎች ሆን ብለን የተውናቸውም ለዚሁ ነው።

ዋናው ሥራ ግን አፈር ውስጥ ነው። ወደ ታች የሚወርደውን ሥር ቆርጠን ችግኙን ከግንባታ በተረፈ ሴራሚክ ላይ አስቀመጥንና በጣውላ ሳጥን ውስጥ አፈር አለበስነው። በግንቦት አንዷን ዋርካ ስናነሳት ሥሮቿ እንደ ጃንጥላ ሽቦ ዙሪያውን ተዘርግተዋል። አንዱ ብቻ በሌላው ላይ ተሻግሮ ወፍሯል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቆረጠችው፤ ነጭ ወተቱ ሲፈስ በእርጥብ ጨርቅ ያዘችው። ቢተው ኖሮ ከዓመታት በኋላ የግንዱን እግር ያበላሸው ነበር። ለእኔ የዓመቱ ትልቅ ሥራ ይህ ነው።

በወላጆች ቀን ጠረጴዛችን ላይ የተንዠረገጉ ችግኞች እንጂ ያማረ ዛፍ አልነበረም። «ቦንሳዩ የታለ?» ያሉ ወላጆች ነበሩ። ልጆቹ አፈሩን ገለጥ አድርገው ሥሩን አሳዩአቸው፤ በጣም ኮራሁባቸው።

አሁን ክረምት ነው። ስጋታችን ውኃ ማጣት ሳይሆን ውኃ መቋጠር ነው፤ በተለይ ለወይራው። ስለዚህ አፈሩን ቀዳዳ ካለው ቀላል ቀይ ድንጋይ ጋር ቀላቅለነዋል። ዋርካ በዝናብ ቶሎ ስለሚወፍር ቅርጽ ለማስያዝ የጠመጠምንበት ሽቦ ልጡን እንዳይቆርጠው በየሳምንቱ የሚያዩ አባላት ተመድበዋል። በመስከረም የምትመዘገቡ፣ ፒንሳና የተሰበረ ሴራሚክ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።